ለመንግሥት እድል፣ ለአክረም ችሎታ

እሺ እንግዲህ፣ ተኛ። ከሌሊት ፈረቃ ገብተሃል፣ ታጥበሃል፣ መጋረጃውን ዘግተሃል፣ ምን ቀረህ፣ ተኛ። ግን ይሄ ምን ዓይነት መጋረጃ ነው፤ አከራይዋ ወፍራም ነው ብላ ምላልኝ ነበር፣ ፀሐዩ አልፎት መጥቶ ዓይኔ ላይ ተቀምጧል። ከላይኛው ፎቅ ያለችው ሴትዮ ደግሞ በየቀኑ አቧራውን ከየት እንደምታገኘው አላውቅም፣ ከጠዋት ጀምራ የምንጣፍ ማሽኗን እያስጮኸች ነው። ሜልበርን ውስጥ ቀን ለሚተኛ ሰው የሚያዝን ፍጡር የለም። ስድስት ሰዓት ሆነ። ጭሮ ገና ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ነው፤ እማዬ ለሱብሂ ተነስታ ውዱእ እያደረገች ይሆናል፣ ከዚያ ቁርሷን ትቀምሳለች፣ ከዚያ ጊዜው ይገፋና ዙህር ይሰገዳል፣ ከዙህር በኋላ ወንድሜ አክረም ባጃጅ ጠርቶ ውልና ማስረጃ ይወስዳታል፣ እዚያ አባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆመበትን ሱቅ ፈርማ ትሸጣለች። ያን ለማስቆም ሰባት ሰዓት ተኩል አለኝ፤ እኔ ግን መጋረጃ እየሰደብኩ ነው።

መልእክቱን የሰማሁት ባቡር ውስጥ ነው። የላኩት ጋሽ አብዱናስር ናቸው፣ ሱቃችን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ስንወለድ ያዩን፣ አባዬ ሲሞትም ያጠቡት ሰው። ድምፃቸው ከድሮው ቀጥኗል። «ያ ካሚል፣ አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ጂርታ። አቦ እኔ ነገር አመላላሽ አይደለሁም፣ ታውቀኛለህ። ግን ይሄ ልጅ ሱቁን ሊሸጠው ነው። ገዢው ከሂርና ነው፣ ደህና ሰው ነው፣ እሱ ምን አደረገ። ነገ ከዙህር በኋላ ነው ፊርማው። ለእናትህ ‹ከካሚል ጋር ትልቅ ንግድ ልንጀምር ነው፣ ሽጠው ያለኝ ካሚል ነው› ብሏታል፣ እሷም ካሚል ካለ ብላ እሺ ብላለች። እኔ ወላሂ ንግድ አላየሁም። የማየው ቀኑን ሙሉ በርጫ ላይ ተጋድሞ ስልኩ ውስጥ ካርታ ሲጫወት ነው። አንተ ካወቅከው ሀዬ፣ ይሁን። ካላወቅከው ግን ዛሬውኑ ተናገር፣ ነገ ማታ ደውለህ አታልቅስብኝ።»

ሽጠው ያለኝ ካሚል ነው! እኔ! ባቡሩ ውስጥ ብቻዬን እጄን አወናጨፍኩ፣ አጠገቤ የነበረችው ልጅ ቦታ ቀየረች። እኔ ሱቅ ሽጥ አላልኩትም። ሱቅ የሚባል ቃል ከአፌ አልወጣም። ያልኩት ሌላ ነው፣ ያልኩት ከዚያም የባሰ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አፌን ሞልቼ ‹አክረም፣ ፖከር የሚባለው ነገር እድል አይደለም፣ ችሎታ ነው› አልኩት። አሁን ያን ቃል ይዞ የአባቴን ሱቅ ሊበላበት ነው። አንድ ሰው ምን ያህል ደንቆሮ ቢሆን ነው ወንድሙ በስልክ የነገረውን ጉራ እንዳለ የሚያምነው? ግን ደግሞ ወንድሙን ካላመነ ማንን ይመን፣ እሱስ ምን ያድርግ፣ ጥፋቱ የማን ነው፣ የኔ ነው። ይሄንን ባሰብኩ ቁጥር እሱ ላይ የበለጠ እናደዳለሁ።

ፖከር ውስጥ የገባሁት በብቸኝነት ነው፣ ሌላ ሰበብ አልፈልግለትም። መጋዘን ውስጥ አብሮኝ ሳጥን የሚያነሳ አንድ የቬትናም ሰው ‹ማክሰኞ ማክሰኞ ነፃ ነው፣ ና› አለኝ። ቦታው መጠጥ ቤት ነው፣ እኔ ለስላሳዬን ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በእጁ ይሰጠዋል፣ አምስት ካርታ ደግሞ መሐል ጠረጴዛ ላይ ለሁሉም ይገለጣል፤ ከነዚያ የተሻለውን የገጠመ ያሸንፋል፣ ወይ ደግሞ የገጠመ መስሎ ሌላውን አስፈራርቶ ያባረረ። መግቢያ አይከፈልም፣ በገንዘብ ምትክ የሚያስይዙት ፕላስቲክ ነው፣ ላሸነፈ ነጥብ ይመዘገብለታል፣ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ሽልማት ላለው ፍጻሜ ያልፋል። ከኪሴ አምስት ሳንቲም ካላወጣሁ ቁማር ነው ወይ? ይሄን ጥያቄ ለአንድ ሸኽ በስልክ ጻፍኩና ሳልልከው አጠፋሁት፣ መልሱን ፈርቼ ሳይሆን… ፈርቼ ነው፣ ምን እዋሻለሁ። ግን እዚያ ስምንት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ‹ካሚል፣ ተራህ ነው› የሚለኝ ሰው አለ። ከዚያ በፊት በዚህ አገር ስሜን የሚጠራኝ የባንኩ ማሽን ብቻ ነበር፣ እሱም አሳስቶ።

የሚያናድደው ደግሞ ችሎታ የሚባል ነገር እንዳለው ማወቄ ነው። ውሸቱ ሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ አሁን በሰላም ተኝቼ ነበር። ሰው ማንበብ የተማርኩት አባዬ ሱቅ ነው። ሽርጥ ሊገዛ የመጣ ሰው የወደደውን ሽርጥ አይነካም፤ የማይፈልገውን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይሰድበዋል፣ ዓይኑ ግን ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ አባዬ ያንን ዓይን ያያል። ለመሰላ ገበያ ምን እንደሚጫን፣ ለቦኬ ምን እንደሚጫን ማታ ቁጭ ብሎ ያስባል፤ ሰሞኑን ጫት ዋጋ ካወጣ የሴት ልብስ ይጭናል፣ ካላወጣ ጀሪካንና ባልዲ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ዝናብ ይጥልና አይሱዙው ጭቃ ውስጥ ሁለት ቀን ተቀርቅሮ ይሰነብታል፣ ገበያው አልፎ ዕቃው እንዳለ ይመለሳል፤ አባዬ ጫማውን እየጠረገ ‹የመጫኑን ነገር እኔ አስባለሁ፣ የዝናቡን ግን ማን ጠየቀኝ› ይላል፣ ይስቃል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ይጭናል። እኔም ዓመቱን ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ስጫወት እንደዚያው ነበርኩ። የማይሆነውን እተዋለሁ፣ የሚሆነውን እይዛለሁ፣ ማን እንደሚዋሽ አያለሁ፣ ነጥቤ ቀስ እያለ ተጠራቀመ። ፍጻሜ የገባሁት በችሎታ ነው፣ ይሄን ማንም አይወስድብኝም። ፍጻሜውን ያሸነፍኩበት ነገር ግን ምን እንደሚባል እስከዛሬ አላውቅም።

ሁለት ሰው ቀረን፣ እኔና አንድ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ። ሰውየው ዕረፍት የለውም። ትንሽ ባስያዝኩ ቁጥር እጥፍ ያደርግብኛል፤ እተዋለሁ። ደግሞ እጥፍ፤ ደግሞ እተዋለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ! በመጨረሻ ዘጠኝና አራት ያዝኩ፣ ምንም የማይረባ ነገር። ሰውየው አሁንም እጥፍ አደረገና ፈገግ አለ። ያኔ ደሜ ፈላ። እኛ ዘንድ ሱቅ ገብቶ የስድስት መቶ ብር ጨርቅ በሁለት መቶ ስጠኝ እያለ የሚያደርቅ ሰው ሲያጋጥም ባለሱቁ ጨርቁን ሰብስቦ ደረቱ ላይ ይገፋለታል፣ ‹በቃ ውሰደው! በነፃ ውሰደው!› ይለዋል። ከጭሮ እስከ ቦኬ ይሄን ተብሎ ጨርቁን ይዞ የሄደ ሰው የለም፤ ትርጉሙ ሂድልኝ፣ አታድርቀኝ ነው። እኔም ሳላስበው ያንኑ አደረግኩ። ፕላስቲኮቼን በሁለት ክንዴ ሰብስቤ ወደ ሰውየው ገፋሁና በአማርኛ ‹በቃ ውሰደው!› ብዬ ጃኬቴን ለማንሳት ተነሳሁ። ሁለተኛ ብወጣም ሽልማት አለው፣ የመጨረሻው ባቡር ሊያመልጠኝ ነው፣ ምን አስጨነቀኝ። ካርታ የምታድለው ልጅ ግን ‹ኦል ኢን› አለች፤ ያለውን ሁሉ አስያዘ ማለት ነው። አይደለም፣ ተውኩት ማለቴ ነው ብል ማን ይሰማኛል፤ ጠረጴዛው ላይ መስመር አለ፣ መስመሩን ያለፈ አይመለስም፣ ሕግ ነው። ሰውየው ዓይኑን ሳያሽ እሱም ያለውን ሁሉ አስያዘና ሁለት ንጉሥ ገለጠ። እኔ ዘጠኝና አራቴን ገለጥኩ፣ አዳራሹ በሳቅ አለቀ። መሐል ሁለት ወጣ፣ አራት ወጣ፣ ጃክ ወጣ፣ ስድስት ወጣ። ከቀሩት አርባ አራት ካርታዎች የሚያድኑኝ አምስት ብቻ ናቸው፣ ይሄን በኋላ ቤቴ ሆኜ ነው የቆጠርኩት። የመጨረሻው ዘጠኝ ሆነ። የኔ ሁለት ጥንድ፣ የሱ አንድ ጥንድ። ሲስቁ የነበሩት ሁሉ ተነስተው አጨበጨቡ። የቧንቧ ሠራተኛው እጄን ጨብጦ ‹እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም፣ ምንም አይነበብበትም› አለኝ። ምን ይነበብበት፣ ባቡሩን ነበር የማስበው።

ሃያ አራት ሺህ ዶላር። ከዚያ በኋላ ባንኩ ከየት አመጣኸው አለኝ፣ የግብሩ ነገርም አላስተኛ አለኝና ደወልኩ። ሃምሳ ደቂቃ ሙዚቃ አስደመጡኝ፣ ጥሪዎ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው እያሉ። በመጨረሻ አንዲት ትሑት ልጅ አነሳችና ‹ጌታዬ፣ ያሸነፉት በእድል ነው ወይስ በችሎታ?› አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። በእድል ከሆነ መዝናኛ ነው፣ ግብር የለውም፤ በችሎታ፣ እንደ ሥራ ይዤው ከሆነ ግን ገቢ ነው፣ ይቆረጥበታል አለች። ‹እድል ነው!› አልኳት፣ ሳትጨርስ። ‹እርግጠኛ ነዎት?› ‹ወላሂ!› አልኳት፣ ምን ማለት እንደሆነ ባይገባትም። ከዚያ በሁለተኛው ቀን አክረም ደወለና ‹አቦ እንዴት አሸነፍክ?› አለኝ። እንዴት ልበለው? እንደ ጭሮ ባለሱቅ ተናድጄ ሂድልኝ ስል ካርታ ወጣልኝ ልበለው? ታላቅ ወንድሙ ነኝ፣ ስምንት ዓመት ሳጥን ከማንሳት ሌላ የምነግረው ነገር ኖሮኝ አያውቅም። ‹ፊቱን አነበብኩት› አልኩት። ‹አባዬ ደንበኛ እንደሚያነበው። ይሄ ሒሳብ ነው አክረም፣ እድል ለማያውቅ ሰው ነው።› ለማላውቃት ሴትዮ እውነቱን ነገርኩ፣ ለወንድሜ ዋሸሁ።

ለእማዬ ደግሞ ሦስተኛ ወሬ። ‹ኦቨርታይም ነው› አልኳት። ‹ዓመቱን ሙሉ ተጨማሪ ሰዓት ሠርቼ ያጠራቀምኩት ነው፣ ሐጅ ሂጂበት።› አባዬ ለሐጅ ሲዘጋጅ ነው የሞተው፣ እሷ ከዚያ ወዲህ ሐጅ የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷን ታዞር ነበር። ሄደች። ከአራፋ ደወለችልኝ፣ መስመሩ ይቆራረጣል፣ የሚሊዮን ሰው ድምፅ ከኋላዋ አለ፣ እየጮኸች ‹ካሚሌ፣ የልጄን ላብ ተቀበለኝ ብዬ ለመንኩት!› ትለኛለች፣ እኔ ትሮሊ ይዤ መጋዘን መሐል ቆሜያለሁ። ላብ! ያን ቀን ማታ እውነተኛ ኦቨርታይም ገባሁ፣ ምን እንደሚለውጥ እንጃ። ስትመለስ ሰፈሩ ሁሉ ሐጃ ይላት ጀመር። ከዚያም ጅሉ እኔ ለአክረም የነገርኩትን ራሴም አመንኩት። ችሎታ አለኝ ብዬ ትልቁ ቁማር ቤት ሄድኩ፣ በእውነተኛ ገንዘብ፣ በስምንት ወር አስራ አንድ ሺህ ዶላር ተበላሁ፣ ከደመወዜም ጭምር። ይሄን ለማንም አልነገርኩም። ሽንፈትን ማን ደውሎ ያወራል።

ሰባት ሰዓት። ጭሮ ነግቷል። አልተኛሁም፣ አልተኛምም፣ ደወልኩ።

«ካሚሎ! በጠዋት!» አለ አክረም፣ ጫት ያነቃው ድምፅ ነው፣ እሱም አልተኛም።

«ሱቁን ልትሸጥ ነው?»

«አብዱናስር ነዋ የነገረህ። ያ ሽማግሌ መርፌው ላይ አያይም፣ እኔን ግን ያያል።»

«ሽጠው ያለኝ ካሚል ነው ብለሃታል።»

«አቦ እንደዚያ ካላልኳት ትፈርማለች? ስማኝ ካሚል፣ ሁለት ዓመት ተምሬዋለሁ። ስንት ካርታ እንደቀረ፣ መቼ እንደሚተው፣ ሁሉን አውቀዋለሁ። የጎደለኝ ካፒታል ነው። ሱቁ ምን አለው፣ ግማሹ መደርደሪያ ባዶ ነው።»

«ባዶ ያደረግከው አንተ ነህ። አክረም፣ እድል ነበር። ወላሂ እድል ነበር።» ሁሉንም ነገርኩት፤ ዘጠኝና አራቱን፣ ውሰደው በቃ ማለቴን፣ ባቡሩን፣ አስራ አንዱን ሺህ። እስከመጨረሻው ሰማኝና ሳቀ፣ ከልቡ ሳቀ።

«ውሰደው በቃ ብለህ ሃያ አራት ሺህ ዶላር! ኧረ ተው። እኔ እንዳልገባበት ነው አሁን እንዲህ የምትለው። ተበላሁ ትላለህ፣ ማን አይበላም፤ በረጅሙ ችሎታ ያሸንፋል ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ለእማዬ እነግራታለሁ።»

ከኋላው የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል። ከዚያ በተረጋጋ ድምፅ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ «አትነግራትም» አለኝ። «ገንዘቡ የቁማር መሆኑን ካወቀች ሐጅዋን ነው የምታፈርስባት። አንተ እማዬ ላይ ያን አታደርግም። አውቅሃለሁ።» ዘጋው።

አነበበኝ እኮ! ይሄ በርጫ ላይ የሚተኛ ልጅ፣ አስራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ፊቴን ሳያይ፣ አነበበኝ። ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት፣ አነሳሁት፣ ደግሞ ወረወርኩት። እውነቱን ነው፣ አላደርግም። ምን ብዬ አደርጋለሁ? ያ ሴትዮ በሕይወቷ ለራሷ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፣ እሱንም አገኘሁ ብላ ነው የምትኖረው። ስለዚህ ዝም ልበል። ዝም ካልኩ ዛሬ ትፈርማለች፣ አክረም ገንዘቡን ይይዛል፣ በዓመቱ፣ ኧረ በስድስት ወሩ አንድ ብር አይቀርም፣ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ የሰው በረንዳ ላይ ተቀምጣ ከሂርና የመጣው ሰውዬ የአባዬን መደርደሪያ ሲጠርግ ታያለች፣ እኔ በወር የምልከውን ትጠብቃለች፣ እኔ ታምሜ አንድ ወር ብተኛስ። ሐጅዋ ደግሞ ይቆጠራል አይቆጠርም ብዬ ስልኬ ላይ ስንቱን አነበብኩ፤ አንዱ ግዴታው ወርዶላታል ይላል፣ ሌላው ተቀባይነት የለውም ይላል፣ ሦስተኛው ያላወቀ ሰው አይጠየቅም ይላል። ያላወቀ አይጠየቅም! እንግዲህ የማድናት ባለማወቋ ነው፣ ሱቁን የማድነው በማወቋ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተቀምጦ የሚያስብ ጭንቅላት የት አለኝ፣ ትናንት ማታ ዘጠኝ መቶ ሳጥን ያነሳሁ ሰው ነኝ። ችሎታ አይረዳኝ፣ እድልም ዘጠኝ ይዞ አይመጣልኝ። አክረም አታደርገውም ያለኝ ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ፣ እንደዚያ እርግጠኛ ሆኖ የአባቴን ሱቅ ይዞ ይሂድ? አልሰጠውም። ተነስቼ ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት ነው፣ ጭሮ አንድ ሰዓት።

«ካሚሌ! አልተኛህም እንዴ? እዚያ ቀን ነው አይደል?» እማዬ ደስ ብሏታል፣ ከድምፅዋ ያስታውቃል። «ሽርጥህን ሳልሸጥ አስቀምጬልሃለሁ፣ ገዢው መደርደሪያውንም አብሬ እወስዳለሁ አለ። አንተ ካልክ እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ አላህ ያሳካላችሁ።»

«እማዬ፣ አትፈርሚ።»

«ምነው?»

«ሽጪ አላልኩም። ንግድ የለም። አክረም ቁማር ሊጫወትበት ነው።»

«ሱብሃነላህ። አክረም ቁማር የት አየ? በዘራችን ቁማር የለም።»

ይሄ ነው ቦታው። እዚህ ጋ ‹ከጓደኞቹ ነው› ብል ያልፍ ነበር፤ ሳታምነኝም፣ አክረምን ጠርታ ጠይቃ፣ እሱ ምሎላት፣ ከዙህር በኋላ ትፈርም ነበር። አልቻልኩም። «ከኔ ነው ያየው» አልኳት። «እኔ ነኝ የነገርኩት። ካርታ ተጫውቼ ገንዘብ አሸንፌ ነበር፣ ከሁለት ዓመት በፊት።»

መጀመሪያ አልገባትም፣ ወይ እንዳይገባት ፈለገች። ቀስ ብላ አሰበችው፣ ስታስብ እሰማታለሁ። «ኦቨርታይሙስ?»

«አልነበረም።»

«ለአውሮፕላኑ የላክኸው?»

«እሱ ነው።»

«ለልብሱም?»

«አዎ እማዬ።»

«ለሰዉ ያመጣሁት ዘምዘም፣ ቴምሩ?»

«ሁሉም። እማዬ፣ አንቺ አላወቅሽም፣ ያላወቀ ሰው አይጠየቅም፣ ጽፈዋል…»

እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር፣ እንድታለቅስ፣ ‹እኔ ልጅ አላሳደግኩም› እንድትል፣ የሆነ ነገር እንድትል። «አልፈርምም፣ ለአክረም እነግረዋለሁ» አለች በቃ፣ ስለ ጀሪካን እንደምታወራ። ሱቁ ተረፈ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አላለኝም። ስልኩን አልዘጋችውም፣ መዝጋቱን የረሳችው ይመስለኛል፤ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ከደጅ የቆርቆሮ በር ሲከፈት ይሰማኛል፣ ከዚያ የጎረቤታችን ድምፅ፣ እየሳቀች እየገባች፦

«ሐጃ! ሐጃ ዑሙልኸይር፣ አካም ቡልቴ?»

«ዑሙልኸይር በይኝ» አለቻት እማዬ።

ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት የበለጠ ሳቀች። «እንዴ፣ ሐጃ፣ ምን ሆንሽ በጠዋት?»

«ምንም አልሆንኩም። ዑሙልኸይር ብቻ በይኝ።»